ከስሜ ሥር ያለው ቃል

ትርር... ትርር... ጠቅ።

ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ የሰማሁት የደረት ካርድ ማተሚያውን ድምፅ ነው። ሎርናን ሳላያት ምን እየሠራች እንደሆነ አወቅሁ። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ለሚሠራ ሰው፣ ለአንድ ቀን ማሞቂያ ሊጠግን ለመጣ ሰውዬ እንኳ፣ ካርድ ሳታትም አትለቅም።

"ስምዎን ነግረውኛል። ስለ እርስዎ ለሰው ሳወራስ 'እሱ' ልበል 'እሷ'?" እያለች ጠጋኙን ስትጠይቅ ሰማሁ።

"ሚስቴ 'ያ ቀርፋፋ' ነው የምትለኝ።"

"ለዚህ እንኳ ካርዱ አይበቃም።"

ቅጠል ሲረግፍ ሥራ የገባሁ ቀን እኔንም እንዲሁ ጠይቃኛለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ "እሷ" ሲለኝ፣ ቆም ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔ ግን ለብቻዬ ሐይቁ ዳር ስሄድ ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው አወራ ነበር። "እሱ ዛሬ በርዶታል፤ እሱ መርከብ እያየ ነው" እላለሁ።

"እሱ" አልኳት። ድምፄ አልወጣም።

"ጮክ በል! ጆሮዬ ከዚህ ወንበር እኩል ነው ያረጀው።"

ስሜ ዴል ነው፤ የወንድም የሴትም ስም ስለሆነ መቀየር አላስፈለገኝም። ከስሜ ሥር "እሱ" የሚል ቃል ታተመ። ከዚያ ወዲህ አንባቢ ሲመጣ ሎርና "እሱ ያሳይዎታል" ትላለች፤ እኔም ጆሮዬ እየጋለ ወደ መደርደሪያው እመራለሁ።

አባቴ አያውቅም። ማዕድን በሚጭኑ መርከቦች ላይ ስለሚሠራ፣ ከከተማችን ከዱሉት ወደብ ወጥቶ የሚመለሰው ሐይቁ በረዶ ሲሆን ነው። ልነግረው እየፈለግሁ ሁለት ክረምት አለፈ። በልጅነቱ ማንበብ ያስተማረችው ሎርና ናት፤ እሷ ያለችውን ይቀበላል። በቋንቋችን በእንግሊዝኛ ፊት ለፊት ሲያናግሩኝ ወንድነቴም ሴትነቴም አይለይም፤ የሚለየው ስለ እኔ ለሌላ ሰው ሲወራ ነው። ስለዚህ ለመንኳት።

"ቅዳሜ አባቴ ይመጣል። እንደ ወትሮዎ 'እሱ' ይበሉኝ። ቀሪውን እኔ እነግረዋለሁ።"

"እና ከዚህ ሌላ ምን ልልህ ኖሯል?" አለችኝ፤ ተቆጥታ።

ቅዳሜው ይኸው ዛሬ ነው። አባቴ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ።

"ቲቸር ሎርና! እስካሁን አላባረሩዎትም?"

"አንተ የገደፍከውን ሁሉ አርሜ ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?"

ተሳሳቁ። እኔ ካርዴ በደንብ እንዲታይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"ልጄስ እንዴት ናት?"

ሎርና እኔን አየችኝ። ካርዴን አየች። ከዚያ አባቴን፣ እንደ ልጅ ፈገግ ብሎ የሚጠብቃትን ሰውዬ፣ አየችው።

"ጎበዝ ናት" አለች። "እሷን የመሰለ ሠራተኛ አላገኘንም።"

አንዱን አምልጧት ነው ብዬ በተውኩላት ነበር። ሁለት ጊዜ ግን አያመልጥም።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ካርዴን አነበበ። "ይሄ ምንድን ነው? 'እሱ' ይላል እኮ።"

"እህ፣ የዘንድሮ ወጣቶች ጨዋታ ነው። እኔ ያሉኝን አትማለሁ፤ ምን አገባኝ?"

ማሞቂያ ጠጋኙ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ፤ የራሱን ካርድ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገ። አባቴ ሳቀ።

"እናንተ ልጆች፣ እንዲህ ነው ቲቸር ላይ የምታሾፉት? እግዜር ይይላችሁ!"

ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። "ሎርና እንዳለችው፣ አባዬ" ብሎ ነበር የሚጀምረው።

"ሎርና" አልኩ፤ "እርስዎ እኮ ነዎት የጠየቁኝ።"

ሎርና ዓይኔን ሳታይ ካፖርቷን ከመስቀያው አውርዳ ለበሰች፤ ቁልፎቹን አዛንፋ ቆለፈች። እስክንዘጋ ገና አራት ሰዓት ይቀራል።

"ወዴት ነው ቲቸር? አልኩ እንዴ ክፉ ነገር?" አለ አባቴ።

በሩን ከፍታ ወጣች። ማተሚያውን እንኳ አላጠፋችውም።