ቀጥታ ከደብረ ታቦር

«የጉና ደመና» ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በተመሠረተ በአርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከመሥራቾቹ ዛሬም መድረክ ላይ የሚወጡት ከበሮ መቺው ጋሽ ደሳለው ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አራቱ ከአዲስ አበባ የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው። ዘፋኙ ምስጋና ጥቁር መነጽሩን አዳራሽ ውስጥም አያወልቅም፤ ደብረ ታቦርን «ሎኬሽኑ» እያለ ነው የሚጠራት።

ባንዱን ያስጠራው «ወደ ገሳይ» የተባለ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ የሮክ ሥራ ነው። ጊታሩና ኦርጋኑ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ከተማ እንደሚወስደው መንገድ ይጠማዘዛሉ፤ ምቱ በየመታጠፊያው ይለወጣል። መሀል ላይ ሁሉም ዝግ ይልና ዘፋኙ ከሕዝቡ ግጥም ይጠብቃል። የፈለገ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ ዘፋኙ እዚያው ተቀብሎ ያዜመዋል። ድሮ ይህን ይቀበሉ የነበሩት የባንዱ የቀድሞ ዘፋኝ እትዬ ፈንታነሽ ናቸው። ባንዱ በዚያ ዘመን ስቱዲዮ ገብቶ ስለማያውቅ ድምፃቸው በአንድም ካሴት ላይ የለም።

አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት ለሚደረገው የአልበሙ ቀረጻ «ተቀበል» ባዮቹ አስቀድመው ተመለመሉ፤ አራት ተማሪዎች። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ስለማስተምር ግጥሞቹን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

«ምስጋና እንዲያጠናቸው ቶሎ አምጪ» አሉኝ ጋሽ ደሳለው።

«የሚቀበለውን አስቀድሞ ያጠናዋል?»

«ፕሮፌሽናል ነዋ፣ ልጄ!»

ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ጻፍኩ።

በቀረጻው ቀን እትዬ ፈንታነሽን የክብር እንግዳ ብለው ከፊት አስቀመጧቸው። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ የሸመደዱትን አሉ፤ ምስጋናም እግሩ ሥር ከተለጠፈ ወረቀት እያነበበ «ተቀበለ»። አራተኛው እንደተቀመጠ እትዬ ፈንታነሽ ተነሡ።

«ተቀበል!

ቤቴን ወርሳችሁት እኔው በቆምኩበት፣
ወንበር ሰጣችሁኝ ላጨበጭብበት።»

ምስጋና ወረቀቱን አየ። ቀጥሎ ወደ ጋሽ ደሳለው ዞረ። ከዚያ «ደብረ ታቦር፣ እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ፈንታነሽ ትንሽ ጠበቁት። እንደማይቀበላቸው ሲገባቸው ስንኙን ራሳቸው አዜሙት። እጁን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ደሳለው ለሽፋኑ የሚሆን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ጥሬ ቅጂውንም ያለቀለትንም ላኩልኝ። ባለቀለት ላይ እትዬ ፈንታነሽ የሉም፤ በቦታቸው ጭብጨባ ገብቷል። ጋሽ ደሳለው ቤት ድረስ ሄድኩ።

«እትዬ ፈንታነሽን አወጣችኋቸው?»

«ቃናዋ አልገጠመም።»

«ያልተቀበለው እኮ ምስጋና ነው።»

«አንቺ ደግሞ! አሮጊት ተነሥታ ስታንጎራጉር አልበም ላይ ይገባል? ፎቶዋን ሽፋኑ ላይ እናደርግላታለን፤ ይበቃታል።»

አሥራ አንድ ዓመት ከበሮ የመቱላቸውን ሴት ነው እንዲህ የሚሉት። በዕድሜ ደግሞ ጋሽ ደሳለው ራሳቸው ይበልጧቸዋል።

እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኳቸው። «እንግዲያው የእኔም አራት ግጥሞች ከአልበሙ ይውጡልኝ። ወይ እሳቸው ይመለሱ፣ ወይ የእኔም ይቅር። የፈረምኩት ነገር የለም።»

ግጥሞቹ ከወጡ የሥራው እንብርት ባዶ እንደሚሆን ያውቃሉ። ይመልሷቸዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጋሽ ደሳለው ግን ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ይውጣ» አሉ። «ጭብጨባ እንደሆነ ሞልቷል።»

አልበሙ ወጣ። «ወደ ገሳይ» መሀል ላይ አራት ደቂቃ ተኩል ሙሉ ምንም ሳይባል ይጨበጨባል። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ «የሕዝቡን ፍቅር የሚያሳይ ክፍል» አለው።

ጥሬ ቅጂውን ይዤ ወደ እትዬ ፈንታነሽ የክር ሱቅ ሄድኩ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። የራሳቸውን ድምፅ ከማሽን ሲሰሙ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«የደሳለውን ከበሮ ሰማሽው?» አሉኝ በመጨረሻ። «ስነሣ ደንግጦ ነው የሮጠው።»

ስልካቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ።

«የእነሱን ቁረጪና የእኔን ብቻ ላኪልኝ።»