አንቱ ይቅደሙ

እኔ ሸጌ ከፋለ ላሊበላ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። "አለኝ" ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔሽን ማሽን፣ በቃ። በ2003 ዓ.ም. የገና ሰሞን ይህችም ልትዘጋ አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር።

ምክንያቱ ቫይረስ ነው። ያኔ ቫይረስ እንደ ጉንፋን ነበር፤ አንዱ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣዋል፣ ሌላው በፍላሽ ይዞት ይሄዳል። ከተማው በሙሉ "ከሸጌ ቤት ነው የያዘኝ" ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው። የነበረውን ሲስተም ነቅዬ ጣልኩና ኮሌጅ ያስተማረኝ መምህር የሰጠኝን ሊኑክስ የሚባል ሲዲ ጫንኩ። ነጻ ነው። የሠሩት ሰዎች "ውሰዱት፣ አባዙት፣ ካሻችሁም ውስጡን ከፍታችሁ አስተካክሉት" ብለው ለዓለም የለቀቁት ነው። ቫይረሱ ጠፋ። ደንበኛውም አብሮ ጠፋ! የለመደውን ምስል ከቦታው ሲያጣ ይደነግጣላ። እኔ ይባስ ብዬ ማውዙን ትቼ በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፍኩ መሥራት ስጀምር "ሸጌ ኮምፒውተሩ ላይ ትደግምበታለች" ብለው አወሩብኝ። ያውሩ!

ለገና እንግዳው ሲጎርፍ አገልጋዮች እንዲለዩ፣ የበዓሉ ኮሚቴ ለሁለት መቶ አሥራ አራት ካህናት ባለፎቶ ባጅ ላሠራ አለ። አብዛኛው ሰው "ወልድያ ይሠራ" ሲል፣ አባቴ መሪጌታ ከፋለ ከመካከል ብድግ ብለው "ልጄ ትሠራዋለች። ቃሌ ነው" አሉ። የሱቄን ደፍ አንድ ቀን ረግጠው የማያውቁት አባቴ! ስሰማ ደስታውም ፍርሃቱም እኩል ያዘኝ። ባጁ ቢበላሽ የሚዋረዱት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ዕድሜ ልካቸውን አብረዋቸው በቆሙት ካህናት ፊት።

የስም ዝርዝሩን እኔ ጻፍኩ። ቅጹ ላይ እንዳለው ስም፣ ማዕረግ፣ አገልግሎት የጀመሩበት ዓመት፣ ዕድሜ። ፎቶውን ፎቶ አንሺው ይታገሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አነሣ። በዝርዝሩ ተራ እንዲያነሣ አደራ ብዬው ነበር። ሰኞ ጠዋት ካሜራውን ሲያመጣልኝ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ ቆጠርኩ። ልክ ነው! አንደኛውን ፎቶ ከአንደኛው ስም፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያጋባ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ሁለት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ። ኢንተር ስል ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም። "እሰይ! ወልድያ ይሠራ ያላችሁ የታላችሁ?" ብዬ ባዶ ቤት ውስጥ ፎከርኩ።

የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ክው አልኩ። "ዲያቆን ምስጋኑ፣ ዕድሜ 19" ከሚለው በላይ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠዋል። ከኋለኞቹ ወረቀቶች አንዱን ባትም ደግሞ አንድ ጺም ያላበቀለ ጎረምሳ "ቆሞስ" ተብሏል። በስመ አብ!

"አንተ ይታገሱ! ምንድን ነው የሠራኸው?"

"እኔ ምን ላድርግ እቴ?" አለ አንገቱን እያከከ። "የመጀመሪያው ዲያቆን ምስጋኑ ነበር፤ ጠራሁት። 'አባቶች ሳይነሡ እኔ? አላደርገውም' ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ሁሉም 'አንቱ ይቅደሙ'፣ 'ኧረ አንቱ ይቅደሙ' መባባል ጀመረ። ተከራክረው ሲጨርሱ አነሣኋቸው።"

"እና አትነግረኝም?"

"ሁሉም ተነሥተዋል ብዬ ነዋ!"

ልገድለው ነበር። ባጁ በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይታደላል። ግማሹ ካህን ከገጠር አድባራት የመጣ ነው፤ ሁለት መቶ ፊት እየከፈትኩ ማንነቱን ማንን ልጠይቅ? ወንበሬ ላይ ተዝረክርኬ እንባዬን ስጠርግ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አባቴ ናቸው፤ ሥራው የት እንደ ደረሰ ሊያዩ መምጣታቸው ነው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ወረቀቱን አንሥተው ጎረምሳውን "ቆሞስ" አዩና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ! አንቺ ልጅ፣ ይህ እኮ ዝም ብሎ መደበላለቅ አይደለም። ካህን በዘፈቀደ አይቆምም። መጀመሪያ ቆሞሳቱን ጨምሮ መነኮሳት፣ ከዚያ ቀሳውስት፣ ከዚያ መሪጌቶች፣ በመጨረሻ ዲያቆናት። ማዕረጉ እኩል ከሆነ አገልግሎት የቀደመ ይቀድማል። እሱም እኩል ከሆነ በዕድሜ።"

ብድግ አልኩ። "አባዬ! እስቲ ይድገሙልኝ?"

ደገሙልኝ። ሦስቱም ነገሮች ዝርዝሬ ውስጥ አሉ እኮ! ለማዕረጎቹ በተራቸው ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ሰጠሁና "ሶርት" የምትባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ በማዕረግ ደርድር፣ ከዚያ በአገልግሎት ዓመት፣ ከዚያ በዕድሜ። ኢንተር። ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ስሞች ተነሥተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ፎቶዎቹን እንደገና አጋባሁና የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ስሙ አባ አረጋ ይላል፣ የአሸተን ማርያሙ፤ ከሁሉም አንጋፋው። አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው "አይ፣ እኒህስ እሳቸው አይደሉም፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ናቸው" አሉ። ሁለተኛውም አይደለም። ሦስተኛውም።

"ቆይ እስቲ" አሉ አባቴ። "አባ አረጋ መቼ ቀድመው ያውቃሉና? ዝክር ላይ እንኳ በር ሥር ነው የሚቀመጡት። ከመጨረሻ ፈልጊያቸው።"

የመጨረሻውን ፎቶ ከፈትኩ። አባ አረጋ ከዲያቆናቱ ሁሉ ኋላ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ፈገግ ብለዋል። ይታገሱ ጭንቅላቱን ያዘ፤ እኔና አባቴ ተያይተን ሳቅን። የአባ አረጋን መስመር ከላይ ቆርጬ ከታች ቀጠልኩና ትእዛዙን ደገምኩ። አባቴ የሚያውቁትን ፊት ሁሉ በስሙ እየጠሩ አረጋገጡልኝ። ሦስት ዲያቆናት ብቻ ቦታ ተቀያይረው ተገኙ፤ እነሱን በእጄ አስተካከልኩ። መብራት ሳይጠፋ ሁሉም ባጅ ታትሞ፣ ታሽጎ አለቀ።

በማግሥቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስሕተት ካላገኘሁ ብሎ ባጁን አንድ በአንድ አገላበጠ። አላገኘም። "መሪጌታ፣ ቃልዎን ጠበቁ" አላቸው። አባቴ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "ቃሉ የኔ ነው፤ ሥራው ግን የልጄ ነው" አሉ። ከደስታዬ ብዛት የት እንደምገባ ጠፋኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አባቴ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ሱቄ ገብተው ከደንበኛው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ያችን የምትደረድረዋን ትእዛዝ በቃል ልያዛት" አሉ።

ፊደሏን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሦስተኛዋን ዘለሏት። እኔ ደግሞ ጠባዬን ታውቁት የለ፣ ሳላስበው "አልያዙትም! ከመጀመሪያው ጀምረው ይበሉት!" ብዬ ጮህኩባቸው። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ። የላስታን ግማሽ ካህን ያስተማረን ሰው!

አባቴ ግን እንደ ቆሎ ተማሪ እጃቸውን አጣጥፈው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣

"እሺ፣ የኔታ" አሉኝ።