ባዶና ዜሮ

አንዱ ካርድ በስፌት መኪናው ራስ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ሌላው ከክር መትከያው ሥር ተሰክቷል፤ የቀሩት ሠላሳ ስምንቱ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ናቸው። ሁሉም የተቆረጡት ከጨርቅ ቅድ ክፍል ከሚጣል ካርቶን ነው፤ በአንዱ ገጽ ጥያቄ፣ በሌላው ገጽ መልስ ተጽፎባቸዋል። «በጊዜ ውስጥ ያለን ለውጥ የሚያሳየው የትኛው ግራፍ ነው?» ይላል ፊት ለፊቷ ያለው። መርፌው የኮሌታውን ጫፍ ዞሮ እስኪጨርስ አሰበችና «መስመር» አለች በልቧ። ክሩን በጥሳ ካርዱን ገለበጠችው። መስመር ነበር።

በዚህ ፋብሪካ ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነገር ነው። ከፊቷ የምትቀመጠው እጅጌ ናት፤ ከኋላዋ በዕድሜ ገፋ ያሉት እትዬ ቁልፍ አሉ፤ እሷ ደግሞ ኮሌታ ናት። ስድስት ዓመት የሸሚዝ አንገት ስትሰፋ ከመኖሯ የተነሣ የገዛ እናቷ እንኳ ሲቆጧት «አንቺ ኮሌታ» ማለት ጀምረዋል። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ቁጥርን ወደ ግራፍ በሚለውጠው ሶፍትዌር የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ትቀመጣለች።

ማስታወቂያው ከወጣ አራት ወር ሆኖታል። የዕቅድ ክፍሉ ጸሐፊ ሥራ ለቃ ሄዳለችና በቦታዋ ከሰፊዎቹ መካከል አንዲት ትፈለጋለች፤ የሶፍትዌሩን ሰርተፍኬት እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ያቀረበች፣ በዓመቱ የሥራ ደረጃም ከአንድ እስከ አሥር የወጣች። ከአሥሩ ሁለቱ ትምህርቱን ጀምረው ተዉት፤ ስምንቱ ጭራሽ አልሞከሩትም። ኮሌታ ጀምራ አልተወችም፤ በደረጃው ግን ከስልሳ አራት ሰው ስልሳ አንደኛ ናት።

ልትመዘገብ የሄደች ቀን የዕቅድ ኃላፊው በመነጽሩ አናት በኩል አይቷት ነበር። «በዚህ ደረጃ?» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደረጃ ወረቀት አምኖ ነው። «ደረጃው የእርስዎ ነው፣ ፈተናው ግን የኔ» ብላው ወጣች። በሩን ከዘጋች በኋላም የተናገረችውን አልጠላችውም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድን የምታሳልፈው በሰፈሩ ኮምፒውተር ቤት ነው። እናቷ የአሥራ አንድ ወሯን ሕፃን አዝለው በር ድረስ እየሸኟት «ሰው ልጅ ወልዶ ኮምፒውተር ያሳድጋል?» ይሏታል። መጀመሪያ አካባቢ ፕሮግራሙ ራሱ ያሾፍባት ነበር። የሠራተኞቹን መታወቂያ ቁጥር ስትሰጠው አንድ ላይ ደምሮ ብዙ ሚሊዮን አወጣላት። «ሰው በመታወቂያው ተደምሮ ምን ሊሆን ነው?» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ቁጥር የሚመስል ሁሉ እንደማይደመር የተማረችው ያን ቀን ነው።

ሠላሳ አንደኛው ካርድ ግን አላሳቃትም። «በሰንጠረዡ አንድ ሳጥን ውስጥ ምንም ካልተጻፈ ዋጋው ስንት ነው?» ይላል። ሦስት ቅዳሜ ተራ በተራ «ዜሮ» ብላ መለሰች፤ ሦስቱንም ተሳሳተች። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር። በዚህ ፋብሪካ፣ ሐኪም ጋ ሄደሽ ብትመለሺ የመስመር አለቃዋ በሰዓት ወረቀቱ ላይ ዜሮ ትጽፍብሻለች። መብራት ጠፍቶ ብትቀመጪም ዜሮ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ካርዱን ገልብጣ መልሱን ቀስ ብላ አነበበችው፤ «አይታወቅም። ባዶ ዜሮ አይደለም።» ሳታስበው ከወንበሯ ተነሣች፤ የኮምፒውተር ቤቱ ሰው ሒሳብ ልትከፍል መስሎት መጣ።

አሥራ አራት ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። በእነዚያ ሳምንታት የሰፋችው ኮሌታ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። የዕቅድ ክፍሉ ግን ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ዜሮ ሰጥቶ፣ ዜሮዎቹን ከሠራችባቸው ሠላሳ ስምንት ሳምንታት ጋር ቀላቅሎ፣ ድምሩን ለሃምሳ ሁለት አካፍሏል። ከዕቅዷ ስልሳ ሰባት ከመቶ የሆነችው፣ ሰነፍ የተባለችው፣ ግድግዳው ፊት ስታልፍ ዓይኗን መሬት ላይ መትከል የለመደችው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ተናዳ ነበር፤ ልጇን ታቅፋ እስክትተኛ ድረስ አልበረደላትም።

ለማንም አልተናገረችም። የስልሳ አንደኛ ሰው አቤቱታ ሰበብ ነው የሚባለው። ሆድ ይፍጀው አለች፤ መጀመሪያ ሰርተፍኬቱን ይዤ፣ ከዚያ እናገራለሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽርጧን ስትፈታ የመስመር አለቃዋ ከየት መጣች ሳትባል ከጎኗ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ፈቃድ የሞላሁት እኮ ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ዛሬ ጭነት እንዳለ አታውቂም? ኮሌታ ቆመ ማለት መስመሩ ቆመ ማለት ነው።»

ኮሌታ ከእግሯ ሥር ያለውን ሣጥን ጎትታ አወጣችው። ሳምንቱን ሙሉ ከምሳ ሰዓቷ እየቀነሰች ለቀሪው ፈረቃ የሚበቃ ሰፍታ፣ በሃያ በሃያ አስራ ደርድራለች። «ኮሌታው አለ» አለች። «የሌለሁት እኔ ነኝ።»

«ዜሮ ነው የምጽፍብሽ።»

«ይጻፉ። ግን በእርሳስ ያድርጉት።»

እትዬ ቁልፍ ቀና ሳይሉ፣ ዓይናቸው ከቁልፉ ሳይነቀል፣ «ሂጂ ልጄ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ» አሉ።

የፈተናው ክፍል ጠባብ ነው፤ አራት ኮምፒውተር፣ አራት ወንበር፣ ጣሪያው ጥግ ላይ አንድ ካሜራ። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ኪሷን እንድታራግፍ ጠየቀቻት። አርባ ካርድ፣ ሁለት ጥቅል ክር፣ አንድ መቀስና የልጅ ካልሲ ጠረጴዛው ላይ ወጡ። ወጣቷ ካልሲውን አየችና ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ሁሉንም በፖስታ ከተተችላት።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ጥያቄዎች ቀላል ነበሩ። አሥራ ሁለተኛውን ጭራሽ አላወቀችውም፤ አሥራ ሦስተኛውንም። እዚያ ላይ ፍርሃት ያዛት። እናቷ ልክ ናቸው፣ አለቃዋም ልክ ናት፣ ሁሉም ልክ ነው፤ አንዲት ኮሌታ ሰፊ እዚህ ምን ትሠራለች? የመኪና ዘይት ያልለቀቃቸውን ጣቶቿን አየቻቸው። የተበላሸ ስፌት ሲያጋጥማት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ ወደ ጎን ትተወዋለች፣ የሚቀጥለውን ታነሣለች፣ በመጨረሻ ተመልሳ ትፈታዋለች። እንደዚያው አደረገች። ጊዜው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ጨረሰች።

ማለፊያው ሰባ አምስት ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሰባ ዘጠኝ ነበር። አላለቀሰችም፣ እልልም አላለችም። ተቆጣጣሪዋን ጠርታ «ይታተምልኝ፣ ቸኩያለሁ» አለቻት።

የዕቅድ ክፍሉ ግድግዳ ግማሹ መስታወት ነው፤ ከውስጥ የሚሰፋው ሰው ሁሉ ይታያል፤ ከውጭ የሚታየው የኃላፊው ራስ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገብታ ሰርተፍኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በርቺ» አለ። «እውነቱን ለመናገር አልጠበቅኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ስልሳ አንደኛ ነሽ። እኔ ደግሞ መመሪያውን…»

«የደረጃውን ፋይል ይክፈቱት።»

ከፈተው። ወንበር ስባ አጠገቡ ሳትጠራ ተቀመጠችና በጣቷ አሳየችው፤ አሥራ አራት ዜሮ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዱ ከሌላው ሥር። «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለው ወዲያው አልገባውም። ሲገባው መነጽሩን አወለቀ።

«ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን ሲያገኝ ጥግ ላይ ምልክት ያወጣል» አለ። «ምልክቱ አላማረኝም። ዜሮ ስሞላበት ጠፋልኝ።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ።»

ልትጮህበት አስባ መጥታ ነበር፤ በየመንገዱ የተለማመደችው ንግግር ነበራት። የሰውዬውን ፊት ስታይ ንግግሩን ተወችው፤ ንዴቷን ግን አልተወችም። «የፈቃድ መዝገቡን ያምጡ» አለችው። «እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ አጠፋለሁ።»

እሱ አነበበ፣ እሷ አጠፋች። የታመመች፣ የወለደች፣ እናቷን የቀበረች፣ እጇን መርፌ የወጋት፤ ሁሉም በዜሮ ተመዝግበው የነበሩ ሳምንታት አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሳጥን ነበር። አንዳንዱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ሲጨርሱ አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። ግራፉን አዘዘችው፤ ስሞቹ ቦታ ተለዋወጡ። የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ዘጠኝ ሳምንት ቤት የዋሉት እትዬ ቁልፍ ከሃምሳ ስምንተኛነት አራተኛ ሆኑ። ኮሌታ የራሷን ከላይ ወደ ታች ፈለገች። ዘጠነኛ አይደለችም። አሥረኛ፣ በዘጠና ሦስት ከመቶ፣ እጅጌ ናት። እሷ ከዚያ ቀጥላ ናት፤ ዘጠና ሁለት።

ኃላፊው ወደ እሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከወሊድ የተመለስሽባቸው ሁለት ሳምንታት እዚህ አሉ። ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ አምስት። አማካይሽን የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። እነሱንም ባዶ ብናደርጋቸው ዘጠና አራት ትሆኛለሽ። ማንም አይጠይቅም። እንደ ፈቃድ ይቆጠር፤ ደግሞስ ያኔ ገና አራስ ነበርሽ።»

አለመፈለግ አልሆነላትም። ወንበሩን ፈልጋዋለች፤ ጀርባ የሚያሳርፈውን ወንበር፣ መርፌ የሌለበትን ጠረጴዛ፣ ቀን ሙሉ የማይጮኸውን ክፍል። አንድ ጣት ብታነሣ በቂ ነው። ግን ሁለቱን ሳምንታት ታውቃቸዋለች። ጡቷ ሞልቶ በሸሚዙም በሽርጡም አልፎ ሲወርድ፣ ጨርቅ ደርባ ስትሰፋ፣ በየሁለት ሰዓቱ መጸዳጃ ቤት ገብታ ወተቷን አልባ ስትመለስ፣ እናቷ ደውለው «ጡጦውን አልይዝ አለች» ሲሏት። በሕይወቷ እንደዚያ የሠራችበት ጊዜ የለም።

«እነዚያን ሳምንታት ሠርቻለሁ» አለች።

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ይገባኛል። ዜሮው የኔ አልነበረም፤ ሃምሳ አምስቱ ግን የኔ ነው። አልሰጥም።» አትም የሚለውን ራሷ ተጫነችው።

ወረቀቱን የአሮጌው ቦታ ላይ ሰቅላ ስትጨርስ የፈረቃ ማብቂያ ደወል ጮኸ። ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሳያዩ ሊያልፉ ሲሉ አንዷ ቆመች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ ወዲያው ግድግዳው ፊት መተላለፊያ ጠፋ። ኮሌታ ለጠየቃት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መለሰች፤ «ያልነበራችሁበት ወጥቶላችኋል፣ የሠራችሁት ቀርቷል።» እትዬ ቁልፍ ስማቸውን በጣታቸው ተከትለው አገኙት፤ ዓይናቸውን ስላላመኑ አጠገባቸው ያለችውን «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ» አሏት። ሁለት ጊዜ አስነበቡ፤ ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

እጅጌ ከወረቀቱ ዞር ብላ ኮሌታን አየቻት። «ያንቺን አይተሻል? አሥራ አንደኛ ነሽ እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ የዚያ ሁሉ ልፋት…» እጅጌ አልጨረሰችውም።

የዕቅድ ክፍሉ በር ተከፈተ። ኃላፊው የስልኩን እጀታ በመዳፉ አፍኖ በዓይኑ ጠራት፤ ሰዎቹን በክርኗ ከፍላ ገባች። ፊቱ ገርጥቷል።

«ሥራ አስኪያጁ ናቸው» አለ በሹክሹክታ። «የመስመር አለቃዋ ደውላላቸዋለች። ደረጃውን ማን ነካው እያሉ ነው። ፕሮግራሙ ተሳስቶ ነበር ልበላቸው? ይሻላል፣ አንቺም አትነኪበትም።»

ጠረጴዛው ላይ ሰርተፍኬቷ እንደተቀመጠ አለ፤ የዕጩዎች ዝርዝር ደግሞ አንድም ስም ሳይጻፍበት ከጎኑ። እጇን ዘረጋች። ኃላፊው ትንሽ አመነታና ስልኩን ሰጣት።

«ሃሎ» የሚለው ድምፅ ወፍራምና የተቆጣ ነበር። «ማነው የሚናገረው?»

«አሥራ አንደኛዋ» አለች፤ ወንበሩንም ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራ ማስረዳቱን ያዘች።