የለቅሶ ቤት ተረኞች

“ያንቺ ቀን ነገ ነው ዘይነብ፤ ዛሬ ቤትሽ ገብተሽ ጎንሽን አሳርፊ” አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የለቅሶ ቤቱን የቆርቆሮ በር በአንድ እጃቸው እንደያዙ።

ወይዘሮ ዘይነብ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ትሪ ይዘዋል፤ ትሪው ላይ በጨርቅ የጠቀለሉት የገዛ ቢላቸው አለ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ በሆነ ቁጥር እንዲህ ነው የሚመጡት፤ የሰው ቢላ እጃቸው አይለምድም።

“የምን ቀን?” አሉ።

“ተራ ወጥቷል እኮ። የእድሩ ሴቶች በሦስት ምድብ ተከፍለናል። ያንቺ ሁለተኛው ነው። በስልክ አልተላከልሽም?”

“ስልኩን ልጆቹ ናቸው የሚይዙት። እና ታምሩም የሞተው በተራ ነው?”

ወይዘሮ ደብሪቱ ሳቅ ቃጥቷቸው ነበር፤ የጎረቤታቸው ፊት ላይ ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። “አትቀየሚኝ። ሁላችንም ባንድ ቀን ከምንወድቅ በየተራ እያረፍን ብንሠራ ብለን ነው” አሉ።

“እኔ ደከመኝ ብዬሻለሁ?”

ወይዘሮ ዘይነብ ይህን ብለው ትሪያቸውን ብብታቸው ስር አድርገው ዞሩ። የቱላን መንገድ ይዘው ቀስ እያሉ ሲሄዱ ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላ አዩአቸው። ከዚያ ወዲያ የመጡትንም ሴቶች እንዲሁ ከበር መለሱ። አንዳንዷ “እሰይ፣ ልብስ ዘፍዝፌ ነው የመጣሁት” ብላ ደስ ብሏት ተመለሰች። አንዳንዷ ደግሞ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ወይዘሮ ደብሪቱ የእድሩ የሴቶች ኃላፊ ከሆኑ ቆይተዋል። ኃላፊነቱን ያሰጣቸው ደብተር ማንበብ መቻላቸው ነው፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። አሁን ግን ጉልበታቸው እሺ አይላቸውም። በየለቅሶው ግቢው በሴት ይሞላል፣ ጥቂቶቹ ይከትፋሉ፣ ጥቂቶቹ ያማስላሉ፣ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ያወራሉ። አንዷ ጨው ትጨምራለች፣ ሌላዋ ሳታውቅ ትደግማለች። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ወገባቸውን ይዘው “ሰባት ሰው ለሚሠራው ሰፈሩ ሁሉ ይተራመሳል” እያሉ ያማርራሉ። ይህን ምሬት ስትሰማ ያደገችው የልጅ ልጃቸው ሐዳሳ ናት።

ሐዳሳ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የማኔጅመንት መግቢያ ትማራለች። ማታ ማታ ትምህርቱን በቃሏ ስትል ወረቀቱን ይዘው የሚያስጠኗት እሳቸው ናቸው። “ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር” ትላለች፤ አንዱን ከዘለለች ያርሟታል። መምህሩ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ድርጅት መርጦ ችግሩን እንዲለይ፣ መፍትሔ ሞክሮ ውጤቱን እንዲያቀርብ ሲያዝ፣ ሐዳሳ ከጓደኞቿ ፊት “አያቴ የምትመራው እድር አለ” አለች። ተራውን ያወጣችው እሷ ናት። ሊቀመንበሩ አቶ ክብሩ ማገዶና ዘይት ይቆጥባል ሲባሉ ወዲያው ተስማሙ። ወይዘሮ ደብሪቱ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ደክሟቸው ነበር። ድካማቸውን ያየላቸው ሰው ሲገኝ፣ ያም ሰው የገዛ የልጅ ልጃቸው ሲሆን፣ እንዴት እምቢ ይላሉ?

የታምሩ ሞት የመጀመሪያው ሙከራ ሆነ። ታምሩ መናኸሪያ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሰው ሲቸግረው ያለ ሂሳብ የሚያደርስ ጎረቤት ነበር። ቀብሩ ትናንት ተፈጸመ።

ሥራው እንደተባለውም ቀና። ከጎመኑ እስከ ምስሩ፣ ከንፍሮው እስከ ሻዩ እኩለ ቀን ሳይሆን ደረሰ። ጨው የደገመ የለም፤ በድስት የተጣላ የለም። ሽንኩርት የምትከትፈው ዮዲት ተነስታ ወገቧን አፍታታች።

“እትዬ ደብሪቱ፣ ሰው ሳይሞት ይህን ተራ ለምን አላወጡልንም ነበር? እኔ ዛሬ ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን እለጥጣለሁ” አለች።

“ዝም በይ፣ ለቅሶ ቤት ነው” አሏት ወይዘሮ ደብሪቱ።

“ዝምታውማ መች አነሰ፤ ዛሬ የሚያወራ ሰው እንኳን የለም።”

እሷ ስትናገር ነው ወይዘሮ ደብሪቱ ቀና ብለው ያዩት። ድንኳኑ ውስጥ በወንዶቹ በኩል ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በሴቶቹ በኩል አግዳሚዎቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ከጓሮው እስከ በሩ ነጠላ ለብሶ የሚቆም፣ የሚቀመጥ፣ ሕፃን የሚያባብል፣ ስለ ሟች የሚያወራ ሴት መተላለፊያ ያሳጣ ነበር። አሁን የክብሪት እንጨት ብትወድቅ ይሰማል።

 ሊነሱ ሲሉ ሙሉጌጥ፣ የታምሩ ሚስት፣ በጓሮው በር ወጣች። ዓይኗ አብጦ ፊቷ ጠቁሯል። ደጋፊ እንኳን አልያዛትም፤ ግድግዳውን እየዳበሰች ነው የመጣችው።

“እትዬ ደብሪቱ” አለች፣ ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል። “አንድ ነገር ይንገሩኝ። ታምሩ ሰው አስቀይሞ ነበር?”

“ምን ማለትሽ ነው ልጄ?”

“እኔ ያላወቅኩት ጥል ካለ ልወቀው። ጠዋት በመስኮት እትዬ ዘይነብን አየኋቸው፤ በሩ ድረስ መጥተው ተመለሱ። እሳቸው እንኳን ደጄን ረግጠው ተመለሱ። ምን አድርገን ነው?”

“እኔ ነኝ የመለስኳት። ተራ ወጥቶ ነው። ሥራው እንዳይበዛባቸው...”

“ሥራውማ አልቋል። አየሁት” አለች ሙሉጌጥ፣ ተደርድረው የተከደኑትን ድስቶች እያየች። “ማታ ለቀብሩ ያልደረሱት የታምሩ እናትና ወንድሞቹ ከአለታ ወንዶ ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ከተማ ሲኖር ሰው አላበጀም ወይ ሲሉኝ ምን እላቸዋለሁ? ሥራው ቶሎ አለቀ ልበላቸው?”

  ሙሉጌጥ መልስ አልጠበቀችም፤ ግድግዳውን ይዛ ተመለሰች።

ወሬው ድንኳን ደርሶ ኖሮ አቶ ክብሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ወደ ጓሮ መጡ።

“ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው? ሴቶቹ ተባረርን እያሉ ነው አሉ።”

“ያባረረ የለም። ተራ ነው። እርስዎም አውቀውታል።”

“እኔማ ወጪ ይቀንሳል ብላችሁኝ ነው። ሰው ይቀንሳል አላላችሁኝም። እሁድ ስብሰባ ላይ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ነገሩን ያመጣችው የእርስዎ ልጅ ናት አይደል? መጥታ ታስረዳ።”

“እኔ ነኝ ያመጣሁት” አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሳያስቡት። “ልጅቷን አያንሱብኝ። ጥያቄ ካለ እኔን ነው።”

አቶ ክብሩ አዩአቸው፤ ማመናቸውን ግን እንጃ። “እንግዲህ ይሁን” ብለው ተመለሱ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ባጃጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሐሳብ ጨመደዳቸው። ስድብ ቢሆን ችለው ኖረዋል። የሚያባንናቸው ሌላ ነው። ሐዳሳ ከእሳቸው በቀር ሰው የላትም። እሳቸው ቢሞቱ ልጅቷን አቅፎ የሚያስለቅሳት፣ ከዚያም ወዲያ “በልተሻል ወይ?” የሚላት ይኸው የእድር ሰው ነው። ዛሬ ይህ ሰው ስሟን በክፉ ካነሳ፣ ነገ በማን ደጅ ትቆማለች? ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እንኳን አልተሰማቸውም።

ሐዳሳ ላፕቶፗን አልጋ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ገና ሲገቡ ብድግ አለች።

“እማማ፣ እንዴት ሆነ? ስንት ሰዓት ጨረሳችሁ? ለነገው ፕረዘንቴሽን የቀረን ውጤቱ ብቻ ነው።”

“ቶሎ አልቋል” አሉና ዱካው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ። “ቶሎ ነው ያለቀው።”

“በቃ ተሳካ ማለት ነው። ፊትዎ ግን...”

ያዩትን ሁሉ ነገሯት፤ የዘይነብን መመለስ፣ ባዶውን አግዳሚ፣ ሙሉጌጥ ያለችውን። የአቶ ክብሩን ግን ዘለሉት። ሐዳሳ መጀመሪያ ተከራከረች።

“ግን ሳይሠራ የቀረ ምግብ የለም፤ የደከመ ሰው የለም። ነገ ደግሞ ሁለተኛው ምድብ ይገባል። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ሴቶቹ ቆመው ነው የሚውሉት ሲሉ የኖሩት?”

“ብያለሁ።”

“ታዲያ ቆመው ምን ይሠራሉ?”

“እንጃ። ይቆማሉ” አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ሊያስረዷት ፈልገው ነበር፤ ቃሉ አልመጣላቸውም። “አንቺ ብታዪው ኖሮ ይገባሽ ነበር።”

“እኔ መቼ አይቼ አውቃለሁ?” አለች ሐዳሳ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያው ነገሩ ገና አሁን የታያት ነበር የሚመስለው። “እማማ፣ እኔ እኮ ለቅሶ ቤት ገብቼ አላውቅም። ለክፍላችን የነገርኳቸው ሁሉ እርስዎ ማታ ማታ የሚሉትን ነው።”

እውነቷን ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ጩኸቱን እንዳትሰማ ብለው ለአንዲት ወዳጃቸው ሰጥተው ቱላ አሰነበቷት። ከዚያ ወዲህም በሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር “አንቺ ጥናትሽን ያዢ፣ እኔ ለሁለታችንም እደርሳለሁ” ይሏታል። ልጅ ሐዘን ይገባባታል፣ ሌሊት ያባንናታል፣ ትምህርቷን ያበላሽባታል ብለው። ይህን ያህል ዓመት ያለ ሳንካ ሄዶላቸው ነበር።

ሐዳሳ ስልኳን አነሳች። “ለሁሉም መልእክት ልላክ? ተራው ቀርቷል፣ ኑ ብዬ።”

“በር ላይ ቆሜ የመለስኩትን ሰው በስልክ አልጠራም። በእግሬ ሄጄ ነው የማመጣቸው። ምሽት ሳይሆን፣ የአለታ ወንዶዎቹ ሳይደርሱ።” ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ለራሳቸው ተሰማቸው። “አንቺ ጥ...”

 ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

“ነጠላ ልበሺ” አሏት። “አብረን ነው የምንሄደው።”

ሐዳሳ ላፕቶፑን አየት አድርጋ ዘጋችው።

የወይዘሮ ዘይነብ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ግን መንገዱን ሙሉ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነበር። እኔ ነኝ፣ እርጅና ነው፣ ድካም አሳስቶኝ ነው፣ ልጅቷ የለችበትም። በሩን ሲያንኳኩ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ቀነሰ።

ወይዘሮ ዘይነብ ሻሻቸውን እንዳሰሩ ወጡ። መጀመሪያ ደብሪቱን፣ ከዚያ ከኋላቸው የቆመችውን ልጅ አዩ። “ግቡ” አላሉም።

“ምነው? ቀኔ ሳይደርስ መጣችሁ” አሉ።

“ዘይነብ...” ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ደብሪቱ። ያዘጋጁት ሁሉ ምላሳቸው ላይ ነበር። ቀና ሲሉ የሐዳሳ እጅ ነጠላዋን ጥፍር አድርጎ ይዞ አዩ፤ ከንፈሮቿም ሊናገሩ ተከፍተዋል።  አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉላት።

“እትዬ ዘይነብ” አለች ሐዳሳ። “ተራውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለትምህርቴ ነበር። ሰው ያርፋል ብዬ እንጂ ለቅሶ ቤቱ ሰው ያጣል ብዬ አላሰብኩም። ሙሉጌጥ ጠልታችኋት የቀራችሁ መስሏታል። እባክዎ ይምጡ።”

ወይዘሮ ዘይነብ ልጅቷን ከራስ እስከ እግሯ አዩአት። 

“እኔ መምጣቱን እመጣለሁ። ሙሉጌጥ ምን በደለች” አሉ በመጨረሻ። “አንቺስ? ሽንኩርት ትከትፊያለሽ?”

“ደህና አድርጌ አልችልም።”

“ወጥ ታማስያለሽ?”

“የእድር ድስት አማስዬ አላውቅም።”

“ታዲያ እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?”

ሐዳሳ አያቷን ዞራ አየች። ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

“ምንም” አለች ሐዳሳ። “አጠገቧ እቀመጣለሁ።”

“እንግዲያው ቆዩኝ፣ ነጠላዬን ላምጣ” አሉ ወይዘሮ ዘይነብና ወደ ውስጥ ገቡ።

ወይዘሮ ደብሪቱ በሩ ስር ቆመው ጠበቁ። ፀሐይዋ ከከተማው ዳር ወዳለው ሐይቅ አዘቅዝቃለች፤ ገና የሚንኳኳ ብዙ በር አለ፤ ልጅቷ ምሳዋን መብላቷን እንኳን አልጠየቋትም። ወይዘሮ ዘይነብ ተመልሰው ሲወጡ “እሷ ነገ በጠዋት ትምህርት አለባት፣ ሳይመሽ ነው የምትመለሰው” ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

“ቀጥሎ የማን ቤት ነው?” አሉ በምትኩ፣ እና ሁለቱን አስቀድመው ከኋላ ተከተሉ።