ምርቃት የሆነው ሥዕል

ለስድስት ዓመት ነገሩ አንድ ዓይነት ነበር። የልጆች ሆስፒታሉ የገቢ ማሰባሰቢያ ጨረታ ሲቃረብ የሠዓሊዋ ታላቅ እህት ትደውላለች፤ እዚያው ነርስ ናት። «እንዴት ነሽ፣ በላሽ ወይ?» ትላለች። ከዚያ፣ «አንድ የማትፈልጊው ሥዕል አይጠፋሽም መቼም። የሆስፒታላችን ምክትል ኃላፊ ጠይቂያት ብለውኝ ነው።»

ሠዓሊዋ የማትፈልገው ሥዕል ኖሯት አያውቅም። ሸራ ውድ ነውና ያልወደደችውን ነጭ ቀብታ ሌላ ትሥልበታለች። ግን እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እህቷ ስለሆነች፣ «እሺ እቴቴ» ትላለች። ስድስት ጊዜ እሺ አለች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ሰባተኛውም መጣ።

ዘንድሮ ግን ሰባት ወር የለፋችበትን ሰጠች። የሆስፒታሉ ኮሪደር፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የልጇን አንድ እግር ጫማ እንደያዘች ቁጭ ብላ እንቅልፍ የወሰዳት እናት። እህቷ ተረኛ በምትሆንባቸው ቀናት እየሄደች፣ ጥግ ቆማ በእርሳስ እየነደፈች ነው የጀመረችው። የሴትየዋ አንገት አልያዝ ብሏት አሥራ አንድ ጊዜ ፍቃዋለች። ወርዱ ሁለት ሜትር ነው፤ አንድ ሰው አያነሳውም። ይሄንን ያየ ሰው ለአፍታም ቢሆን ዝም ይላል ብላ ነበር።

ዝም ያለ የለም። የጨረታው አዳራሽ ውስጥ ሥዕሉን ከመጠጥ ጠረጴዛው ጀርባ አቁመውት የጠርሙሱ ድርድር የእናትየዋን ፊት ጋርዶታል። አጫራቹ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

«ቀጥሎ፣ ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር ሆቴል፣ ቁርስን ጨምሮ» አለ ኩፖኑን እያውለበለበ። «ምርቃቱ ደግሞ ያ ሥዕል ነው፣ ሳሎኑ ለሰፋው።»

ሰው ሳቀ። አንድ ነጋዴ ጨረታውን አሸነፈ፤ ኩፖኑን ኪሱ ከተተ፤ ሚስቱን ይዞ ወጣ።

እንግዳው ሲበተን ሠዓሊዋ ሥዕሏን ፈለገች። መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቁመውታል፤ ጀርባው ላይ የተጣጠፉ ወንበሮች ተደግፈውበታል።

«ያንቺ ነው?» አለቻት የጽዳት ሠራተኛዋ። «እንግዲህ አንሺው። ሰውዬው መኪናዬ ውስጥ አይገባም ብሎ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሄደ።»

ወንበሮቹን አንድ በአንድ አነሳች። ሥዕሉን ከግድግዳው አላቅቃ ስታየው፣ የአንዱ ወንበር እግር ሸራውን ከኋላ ገፍቶት፣ ያ አሥራ አንድ ጊዜ የተፋቀ አንገት አብጧል። ጣቷን ልታሳርፍበት አስባ ተወችው።

ምክትል ኃላፊዋ ከእህቷ ጋር ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። «እንዴት ያለ ቀን ነው የኔ ቆንጆ፣ እግዜር ይስጥልን።»

«ምኑን ይስጥልኝ? ምርቃት አደረጋችሁት፣ ገዢውም ጥሎት ሄደ።»

«አትቀየሚ እንጂ። ስምሽ እኮ በድምፅ ማጉያ ተጠርቷል።»

«አልተጠራም። ‹ያ ሥዕል› ነው የተባለው።»

ምክትል ኃላፊዋ ወደ እህቷ ዞሩ። እህቷ ወለሉን አየች። «እንግዲህ ለልጆቹ ነው» አሉ።

«ድምፅ ማጉያውን ያመጣውስ ለልጆቹ ብሎ ነው?»

«ኧረ ተከፍሎት ነው።»

«አበባ የደረደረችውስ? ያ ሲቀልድ የዋለውስ?»

«እነሱማ ሥራቸው ነዋ።»

ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከልባቸው ነው ያሉት። አንጀቷን ያቃጠለው ይሄ ነው፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«የኔስ ምኔ ነው?»

«ያንቺማ ተሰጥኦሽ ነው የኔ እመቤት።»

«እቴቴ» አለች ሠዓሊዋ፣ «መርፌ መውጋት ተሰጥኦሽ ነው ብለው ደመወዝ አስቀርተውብሽ ያውቃሉ?»

«ተይ አንቺ ልጅ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ገብቶ ጎጆ ሠርቷል።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። የምክትል ኃላፊዋ ፊት ጠቆረ። «በቃ፣ እዚሁ ይቀመጥ። ለሚቀጥለው ዓመት ይሆነናል። ያኔ ደግሞ አንድ ትንሽዬ ትጨምሪልናለሽ፣ ለመሸከም የምትመች።»

«እዚህ አያድርም» አለችና አንዱን ጫፍ ጨብጣ አነሳች። ሌላው ጫፍ ወለሉን እየፋቀ አልንቀሳቀስ አለ። ጎተተችው። ተንሸራተተና ቆመ። እህቷ ቆማ ታያለች። የነርሶቹን የተራ ሰሌዳ የሚያወጡት ምክትል ኃላፊዋ ናቸው፤ ቅር ያሰኛቸውን ሰው የሌሊት ተራ ሁሉ እንደሚያሸክሙት መላው ሆስፒታል ያውቃል።

«ነገ ተራሽ መቼ ነው?» አሏት እህቷን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጠዋት ነኝ» አለች እህቷ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀች፤ ጎንበስ ብላ ሌላውን ጫፍ አነሳች። «ደግሞ ከአሁን በኋላ ከፈለጓት ራስዎ ይደውሉላት። እኔን አማላጅ አያድርጉኝ።»

በሩ ሲደርሱ ሥዕሉን ማዘንበል ነበረባቸው። ሠዓሊዋ የኋሊት እየሄደች ነው።

«እንዳትሸወጂ፣ አንቺም ላይ ተናድጃለሁ» አለች። «ስድስት ዓመት ‹የማትፈልጊው› ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ። ደረጃ አለ፣ እግርሽን እይ።»

እግሯን አላየችም። ዓይኗን ከእህቷ ሳትነቅል አንዱን ደረጃ ወረደች፤ ሁለተኛውንም።