ስድስት ጊጋው ካርድ

ሚሪያም ገብረእግዚአብሔር ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የራሷ የሆነ ኮምፒውተር አልነበራትም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የወባ ምርመራ ስትሠራ ትውላለች። አባቷ አቶ ገብረእግዚአብሔር ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው፣ እዚሁ አርባ ምንጭ አግብተው፣ እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤት የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ጌም ያስለመዳት ቴዎ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ቴዎ ከላንቴ ሙዝ እያመጡ ገበያ የሚሸጡት የእትዬ አበቡ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ጌም ወደሚከራይበት ጠባብ ክፍል ይወስዳታል። እዚያ ከሚመጡት ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ የመኪና ውድድር ላይ ግን የሚቀድማት ጠፋ። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት «አንቺ ስትመጪ ወንዶቹ ይረብሻሉ፣ ከእንግዲህ እንዳትመጪ» አላት። ቴዎ የከፈለበትን ሰዓት ሳይጫወት ጥሎ አብሯት ወጣ። ይህን ነገር ሚሪያም አልረሳችለትም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የክሊኒኩ እቁብ ሲደርሳት፣ በምሳ ሰዓት ወደ ቴዎ ሱቅ ሄደች። ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ኮንቴነር ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል።

«ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ላሠራ ነው» አለችው።

ይዞት የነበረውን ስልክ አስቀመጠ። «ከልብሽ ነው?»

«እቁቤ ወጥቶልኛል። ስልሳ አምስት ሺህ ብር።»

ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «በዚህ ብር አዲስ አታገኚም። ዕቃው አንድ በአንድ ከተመረጠ ግን ይበቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳዋን እዚያ ኮንቴነር ውስጥ በላች። ቴዎ ስልኩን ከፍቶ ዋጋ ያሳያታል፤ እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። እሷ የወደደችው ጎኑ መስታወት የሆነና በቀለም የሚያበራ ኬዝ፣ የኮምፒውተር ሳጥን፣ ነበር።

«ይሄ ሁሉ መብራት ምን ያደርግልሻል? ሠርግ ቤት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። «ኬዙ ተራ ቆርቆሮ ይሁን። ፕሮሰሰሩም መካከለኛ ይበቃሻል። ጌም ማለት ካርድ ነው። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ብርሽን እዚያ ላይ አፍስሺ።»

«ያገለገለ ካርድ አይበላሽም?»

«አገልግሎ ጥሩ የሆነ፣ አዲስ ሆኖ ደካማ ከሆነው ይሻላል። ስድስት ጊጋ ሜሞሪ ያለው ይሁንልሽ፤ ባለ ሁለት ማቀዝቀዣ ፋኑ።»

ስክሪኑን ከአንድ የተዘጋ ቢሮ አሮጌ ዕቃ መሀል በርካሽ አገኙት። ሜሞሪውን ጨመሩ፤ የማከማቻውን መጠን በግማሽ ቀነሱ። ሚሪያም ብር ላትርፍ ብላ ለዕቃው ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ርካሹን ስትጽፍ ቴዎ እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቃት።

«እዚህ ላይ እንዳትቆጥቢ! ደህና ካርድ ከተሰካበት ቦርድ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ አይበቃውም፤ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚሰካ የራሱ ገመድ አለው። ባለ ስድስት ቀዳዳ። እሱ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ካርዱን ለጌጥ ነው የምታስቀምጪው።»

ስትማር ደስ ይላት ነበር። ማታ ማታ ቤት ስትገባ ለአባቷ ታስረዳለች፤ አቶ ገብረእግዚአብሔርም እንደ ተማሪ እጃቸውን አውጥተው ይጠይቋታል።

ዕቃውን ለመግዛት አዲስ አበባ አብረው ሄዱ። ቴዎ ሱቁን ሁለት ቀን ዘጋ፤ የትራንስፖርቱን ብቻ ተቀበላት። ካርዱን ሻጩ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስነስተው ሞከሩት። ሚሪያም ከደስታዋ ብዛት ፊቱንም ጀርባውንም፣ ከጀርባው የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ጭምር ፎቶ አነሳችው። ሲመለሱ ካርዱን በሹራብ ጠቅልላ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ገጠሙት። ካርዱን ቦታው ላይ ያስገባችውም፣ ባለ ስድስት ቀዳዳውን ገመድ የሰካችውም ራሷ ናት፤ ቴዎ «ጫን አድርጊው፣ አትፍሪው» እያላት። ውድድሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የአስፋልቱ ውኃ የመኪናዋን መብራት መልሶ ያበራል።

«ይሄ ሁሉ ለጨዋታ ነው?» አሉ አባቷ። አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እራት እስኪቀርብም አልተነሱም።

እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ እንዲህ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ የእሷ ነው። የካቲት ሲገባ ሙቀቱ ጠና። ቴዎ ደወለላት።

«አቧራው ሳያፍነው ላጽዳልሽ። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቅባትም ልቀይርልሽ። ሁለት ቀን ብቻ።»

ሐሙስ በባጃጅ ወሰደው፤ ቅዳሜ መለሰው። ገንዘብ ብትሰጠው አልቀበልም አለ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ኩርባ ላይ ስትደርስ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲመለስ መኪናዋ ግድግዳ ውስጥ ተሰክታ ታገኛታለች። ለቴዎ ጻፈችለት። በድምፅ መለሰላት፤ «ሚሪያምዬ፣ ካርድሽ ጤነኛ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ ያየሁት። የአርባ ምንጭ ሙቀት ነው። የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረገችው። አልተሻለም። መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው አላት፤ ስታቢላይዘር ገዛች። ቬንትሌተር ገዝታም ከኬዙ ጎን አቆመች። «እኔ ስንት ዓመት በላብ ስጠመቅ ቬንትሌተር አልተገዛልኝም» አሉ አባቷ፤ አሉና ማዞሪያውን ራሳቸው ወደ ኮምፒውተሩ አስተካከሉላት። ሚሪያም ጥፋቱ የራሷ መሰላት። የማይሆን ነገር ጭኜበት ይሆናል እያለች ጌሙን ሦስት ጊዜ አጥፍታ ጫነች።

መጋቢት መጨረሻ አንድ እሁድ፣ አቧራ ይሆናል ብላ የኬዙን ብሎን ፈታች።

መጀመሪያ ያየችው ገመዱን ነው። ባለ ስድስት ቀዳዳው ገመድ በላስቲክ ታስሮ ኬዙ ጥግ ተወሽቋል። የሚሰካበት ቦታ የለም። ካርዱ ባለ አንድ ፋን ነው፤ ከመዳፏ ብዙም አይበልጥም። ስልኳን አምጥታ የአዲስ አበባውን ፎቶ ከፈተች፤ እዚያ ያለው ባለ ሁለት ፋን ነው። ክሊኒክ ውስጥ ውጤቱ ያላማራት ናሙና ሲገጥማት እንደምታደርገው ደግማ አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ቴዎን ለመጠርጠር አልፈለገችም። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናል፣ እሱም አያውቅ ይሆናል እያለች ለራሷ ተከራከረችለት። ደወለችለት።

«ቴዎ፣ ኬዙን ከፍቼው ነበር።»



«ለምን ከፈትሽው?» አለ።

ምን አገኘሽ አላላትም። ምን ሆነ ብሎ አልጠየቃትም። ሚሪያም ያኔ አወቀች። ስልኩ ተቋረጠ፤ መልሳ ስትሞክር ዝግ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ አብራት የምትሠራው ሰሊሆም ነገሩን ስትሰማ፣ ወንድሟ የሚያዘወትርበት አዲስ ጌም ቤት መኖሩን ነገረቻት። ባለቤቱ ጌዲዮን የሚባል፣ ከገረሴ የመጣ ልጅ ነው፤ የአባቱን ሁለት በሬ አሽጦ ነው ቤቱን የከፈተው። ኮምፒውተሮቹን የሚያድስለት ቴዎ ነው።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ሄደች። አራት ኮምፒውተር፣ አራት ልጆች። ጥግ ያለው ማሽን ላይ ዝናብ የሚዘንብበት ውድድር ይሮጣል፤ ምንም አይቆራረጥም።

«የዚህን ማሽን ካርድ ከየት ገዛኸው?» አለችው።

«ከቴዎ። የካቲት ላይ። ምነው እህቴ?»

ፎቶውን አሳየችው። ጌዲዮን ልጁን አስነስቶ ማሽኑን አጠፋና ጎኑን ፈታው። ቁጥሩን እሷ ከስልኳ ታነባለች፣ እሱ በጣቱ ይከተላል። አንድም አልተሳሳተም።

ጌዲዮን ቴዎን በራሱ ስልክ ጠራው። ቴዎ ማሽን የተበላሸ መስሎት ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ሚሪያምን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ግን ገባ፤ ፊቱም ተስተካከለ።

«ይሄ ካርድ የእሷ ነው ትላለች» አለው ጌዲዮን።

«የእሷ ነበር» አለ ቴዎ። የሚያየው ጌዲዮንን ነው። «ራሷ ሽጥልኝ ብላኝ ነው የሸጥኩት። አባቷ ታመው ብር ቸግሯት ነበር። ብሩንም እጇ ላይ ነው የሰጠኋት። አሁን ዋጋው ሲጨምር ጸጽቷት ይሆናል።»

ሚሪያም ካርዱን መውሰዱን መንገድ ላይ ስትመጣ ለምዳው ነበር። ይህን ግን አልጠበቀችም። አሥር ዓመት ቤቷ ገብቶ የበላ ሰው፣ ጤነኛ አባቷን አሳመማቸው፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ጌዲዮን ተራ በተራ አያቸው። «እህቴ፣ እኔ ማንን ልመን? ብሬን ከፍዬበታለሁ።»

ስልኳን ከፈተችና የቴዎን የድምፅ መልእክት አሰማችው። «ሚሪያምዬ፣ ካርድሽ ጤነኛ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ ያየሁት…» ልጆቹ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ዞሩ። ጌዲዮን ስልኩን ተቀብሎ ቀኑን አየ። ካርዱን ከገዛ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር።

«ከሸጥክልኝ በኋላ ነው ጤነኛ ነው የምትላት?» አለው ቀስ ብሎ።

ቴዎ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ልመልስልሽ ነበር» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። «በሳምንት ሁለት ቀን ለምትጫወቺው፣ ያ ምን አነሰሽ? አታውቂውም ብዬ ነው።»

«ያሳወቅከኝ አንተ ነህ» አለችው።

ቴዎ ወጣ።

ጌዲዮን ካርዱን ነቅሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። «ንብረትሽ ነው፣ ውሰጂው። የእኔን ከእሱ እፈልገዋለሁ» አለ፤ እንደማያገኘው ግን ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በነጋታው ትንሹን ካርድ ይዛለት ሄደች፤ እስከዚያ ይሥራበት ብላ። ጥግ ያለው ማሽን ስክሪን ላይ ጨርቅ ተጥሎበት አገኘችው። ከጌዲዮን ዐይን ዐይኗን አሸሸች፤ እሷ የሰረቀች ይመስል።

ካርዱን ራሷ መልሳ ገጠመችው። ይሠራል። ዝናቡም ይዘንባል። ሁለት ዙር ነድታ ዘጋችውና ለሁለት ሳምንት አልከፈተችውም። አባቷ ቬንትሌተሩን ወደ አልጋቸው ወሰዱት፤ ስለ ቴዎ አንድም ነገር አልጠየቋትም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ እትዬ አበቡ መጡ። ፊታቸው ጨፍግጓል፤ ይቀመጡ ቢባሉም ቆመው ነው የተናገሩት።

«ልጄ ሱቁን ዘግቶ ሶዶ ሄደ። ሚሪያም ሰው ፊት ሌባ አለችኝ፣ የልፋቴንም ከለከለችኝ ብሎ ነገረኝ። እናትሽ ብትኖር ለእሷ ነበር የምናገረው። ልቆጣሽ ነው የመጣሁት።»

«ይቀመጡ እትዬ አበቡ። እነግርዎታለሁ» አለች ሚሪያም።

ነገረቻቸው። ከእቁቡ ጀምራ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ስለ አባቷ መታመም የተባለው ጋ ስትደርስ እትዬ አበቡ በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ። አቶ ገብረእግዚአብሔር የማንጎውን ዛፍ ውኃ ያጠጣሉ።

«የካቲት ላይ ስልክ ገዛልኝ» አሉ እትዬ አበቡ። «በሥራው ያገኘው መስሎኝ… ገበያ ውስጥ ያላሳየሁት ሰው የለም። ልጄ ገዛልኝ እያልኩ።»

ከመቀነታቸው ስልኩን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አዲስ ነው፤ የስክሪኑን ላስቲክ እንኳ አላነሱትም።

«ይኸው።»

«አልወስደውም እትዬ አበቡ። የእኔ ተመልሶልኛል።»

«እኔስ ምን አደርገዋለሁ? ያወጣሁት እንደሆነ ሰው ያየኛል።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ልጄ ስለሆነ አመንኩት።»

«እኔም አምኜው ነበር» አለች ሚሪያም።

እትዬ አበቡ ስልኩን ትተውት ወጡ። ሚሪያም አንስታው ተከተለቻቸው፤ አስፋልቱ ጋ፣ ባጃጅ ሲጠብቁ ደረሰችባቸው። እጃቸውን ይዛ ስልኩን ከመዳፋቸው ውስጥ አኖረችውና ጣታቸውን አጠፈችባቸው። አልታገሏትም።

«ማታ ይደውላል» አሉ ባጃጇ ስትቆም። «ምን ልበለው?»

ሚሪያም ልታስብላቸው ሞከረች። ለራሷም እስካሁን የምትለው አላገኘችም ነበር። ባጃጇ ውስጥ ደግፋ አስገባቻቸውና ሒሳቡን ለሾፌሩ ሰጠችው።