ጣሪያው ጫፍ ላይ

በሞንትረይ የፊልም ክበባችን ሰው ሁሉ ሽማግሌውን ፈረንሳዊ ሙሴ ኦክታቭን የሚለማመጠው በአንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ምክንያት ነው። ቆርቆሮዋ ውስጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ፣ ድምፅ የሌለው የወንጀል ፊልም የመጨረሻ ክፍል አለ። ሌላ ቅጂ የለውም። ጥቁር ጓንት ያጠለቀችው ሌባ ትያዝ ታምልጥ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። «አይቼዋለሁ» ይሉና ወይናቸውን ይጎነጫሉ።

የቀሩትን ክፍሎች ስንቴ እንዳየኋቸው አልናገርም። ሌባዋ ልጅ የምትሮጠው በእውነተኛ ጎዳና፣ በእውነተኛ ጭስ ማውጫዎች መሀል ነው። መንገደኛው ቆም ብሎ ካሜራው ላይ ያፈጥጣል፤ እሷ ግን ዞር አትልም። እሷን ካየሁ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል።

ማክሰኞ ቤታቸው ሄድኩ። ገና ከደጃፉ ሸተተኝ።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«አይብ ነው። ምሳዬን በልቼ ነው።»

«አይብስ እንዲህ አይሸትም፣ ሙሴ ኦክታቭ። የከረመ ካልሲ ነው የሚሸተው። ፊልሙ እየበሰበሰ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ።»

ቆርቆሮዋን ከቁም ሳጥኑ አወጣኋት። አየር እንዳይገባት ብለው ዙሪያዋን በሰም አሽገዋታል። የዚያ ዘመን ፊልም ደግሞ የሚያወጣው ጋዝ መውጫ ካጣ ራሱን በራሱ ይበላል። ከሰሙ ሥር ፊልሙን የሠራው ድርጅት ያሸገበት የወረቀት ማኅተም ሳይቀደድ እንደተለጠፈ ነው።

«አላዩትም» አልኳቸው።

«ካየሁት ያልቅብኛል» አሉ።

«ሳያዩትም እያለቀ ነው። ልክፈተው?»

ሰሙን የምንቆርጥበትን ቢላ ራሳቸው አመጡ።

የጥቅልሉ የላይኛው ዙር ደህና ነበር። መስኮቱ ጋ ቆመን በብርሃኑ እያየን ቀስ እያልን ፈታነው። ቀን የተቀረጸውን ሌሊት ለማስመሰል ሰማያዊ ቀለም ነክረውታል። ልጅቷ ጣሪያው ጫፍ ደርሳለች፤ ፖሊሶቹ መሰላሉ ላይ ናቸው። አንድ እግሯን አነሳች። ከዚያ በታች ያለው እንደ ማር ተጣብቋል።

«አመለጠች?» አሉኝ።

«እግሯን አንስታለች።»

«ሐሙስ ክበቡ ሲሰበሰብ ምን ልበላቸው?»

«ያዩትን።»

ካፖርታቸውን ደረቡ። የድሮ ፊልሞች የሚጠበቁበት ተቋም ባለሙያዎች ጥቂት ዙር ያላቅቁልን ይሆናል። እንዲህ ያለ ተቀጣጣይ ነገር ይዞ የምድር ባቡር መሳፈር ስለማይቻል ወደዚያው በእግር ወጣን። ክዳኗን አላልቼ ቆርቆሮዋን ታቅፌ ከፊት ከፊት ሄድኩ።

«ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ» ይሉኛል ከኋላዬ እያለከለኩ። «ጣሪያ ጣሪያውን ማየቱን ተይና መንገድሽን እዪ።»